የቴይዜ ኪሊም፣ የእማዬ ባና

እኛ ሀገር «የቱርክ ምንጣፍ» ሲባል ለአብዛኛዎቻችን ዐይናችን ላይ የሚመጣው ወፍራምና ለስላሳ፣ ዳር ዳሩ አበባ የተጣለበት፣ ሳሎኑን የሚያሳምረው ዕቃ ነው። መርካቶ ምንጣፍ ተራ ተጠቅልሎ ቆሞ የሚጠብቀን አብዛኛው በፋብሪካ ማሽን የሚሠራ፣ ብዙውም ጋዚያንቴፕ ከምትባል የቱርክ ከተማ የሚመጣ ነው። ክፉ ዕቃ አይደለም፤ እኔም ቤት ሁለት አለ። ዛሬ ላወራችሁ የፈለግሁት ግን ስለ ሌላው ነው፤ ቱርኮች «ኪሊም» ስለሚሉት፣ ጠጉር ስለሌለው ስስ የእጅ ሥራ።

ከኪሊም ጋር ያስተዋወቀችኝ ልጄ ናት። በቱርክ መንግሥት የነፃ ትምህርት ዕድል ኮንያ ከተማ ተምራ ስትመረቅ ሄጄ ሦስት ሳምንት አብሬያት ሰነበትኩ። ከእሷ በታች ባለው ፎቅ አንዲት ባልቴት ይኖራሉ። ልጄ «ቴይዜ» ትላቸዋለች፤ አክስቴ እንደማለት ነው፣ እኛ «እትዬ» እንደምንለው። ሰባ አምስት ዓመት አልፏቸዋል፤ ልጆቻቸው ጀርመን ናቸው።

ሻይ የጠሩን ዕለት ከሳጥን ውስጥ አንድ የተጣጠፈ ነገር አውጥተው ወለሉ ላይ ዘረጉት። ርዝመቱ ሦስት ሜትር ያልፋል። ቀይ፣ ጥቁር ሰማያዊ፣ ክሬም፣ እዚህም እዚያም ቡናማ። አንድ ጥግ ላይ መዳፍ የሚያህል ቀዳዳ አለው። እናታቸው ካራፒናር አካባቢ ባለ መንደር ታጭተው ሳለ የሠሩት ነው፤ ቱርኮች «ቼይዝ» የሚሉት፣ ሙሽራዋ ይዛው የምትገባው ዕቃ።

ልጄ እያስተረጎመች ጨዋታው ቀጠለ። ለካ በዚያው ሰሞን አንድ ነጋዴ መጥቶ ዐይቶት ኖሯል። «ቀዳዳ ስላለው ሙሉውን የሚገዛኝ የለም፤ ቆርጬ የትራስ ልብስ አደርገዋለሁ፤ ሃያ ትራስ ይወጣዋል» አላቸው። ያረጁና የተጎዱ ኪሊሞች የብዙዎቹ ዕጣ ይኸው ነው፤ ትራስ፣ ቦርሳ፣ የወንበር ልብስ ይሆናሉ። «እናቴን ሃያ ቤት ሊበትናት» አሉ ቴይዜ። ግን እምቢም አላሉትም። ልጆቻቸው አይፈልጉትም፤ የጡረታ ገንዘባቸውም አይበቃቸውም።

ኪሊምን ለመረዳት የድርና የማግን ነገር ማወቅ ይበቃል፤ ያንን ደግሞ ከእማዬ ቤት አውቀዋለሁ። በነጠላ ላይ ድሩም ማጉም ይታያል። በኪሊም ግን ማጉ ተጠቅጥቆ ድሩን ፈጽሞ ይሸፍነዋል፤ የምናየው ቀለም ሁሉ የማጉ ነው። ቀዩ ማግ ሰማያዊው እስከሚጀምርበት ድረስ ሄዶ ይመለሳል፤ ሰማያዊውም ከሚቀጥለው ድር ተነሥቶ ወደ ራሱ ይመለሳል። ሁለቱ ስለማይያያዙ መሃላቸው ቀጭን ስንጥቅ ይቀራል። ስንጥቁ ከረዘመ ጨርቁ ይላላል። ስለዚህ ሸማኔዋ ሽቅብ የሚሄድ ረጅም ቀጥ ያለ መስመር ትሸሻለች፤ ቅርጿን በሰያፍና ደረጃ በደረጃ ታስኬደዋለች። ኪሊም ላይ ያ ሁሉ ማዕዘን፣ ያ ሁሉ ጥርስ ጥርስ የመሰለ ጌጥ የበዛው ለውበት ብቻ አይደለም፤ ጨርቁ እንዲጠነክርም ነው።

የቴይዜ ኪሊም መሃሉ ላይ ከጫፍ እስከ ጫፍ ስፌት አለው። በጠባብ መሸመኛ ሁለት ጊዜ ተሠርቶ የተጋጠመ ነው፤ ልክ የእኛ ጋቢ ከጠባብ መሸመኛ ወጥቶ ጎን ለጎን እንደሚሰፋው። የግራው ቅርጽ ከቀኙ ጋር ልክ አይገጥምም፤ ሁለት ጣት ያህል ይዛነፋል። ፋብሪካ እንዲህ አይሠራም።

ልዩነቱ የእጁ ባለቤት ላይ ነው። እኛ ጋር እንደ ልማዱ ሴት ትፈትላለች፣ ወንድ ይሸምናል። በአናቶሊያ መንደሮች ግን የበጉን ጠጉር የምትፈትለውም፣ ኪሊሙን የምትሸምነውም ሴቷ ናት። ይሁን እንጂ ሥራው ገበያ ሲወጣ የሚጠራው በቦታው ነው፦ የኮንያ፣ የሲቫስ፣ የማላትያ እየተባለ። የሴቲቱ ስም ዕቃው ከቤቷ ሲወጣ እዚያው ይቀራል።

ስም ሲጠፋ ቦታውን ወሬ ይይዘዋል። በኪሊም ላይ እጇን ወገቧ ላይ ያደረገች ሴት የምትመስል ቅርጽ አለች፤ «ኤሊ በሊንዴ» ትባላለች። የበግ ቀንድ አለ፣ የተኩላ አፍ አለ፣ ጊንጥ አለ። ከኮንያ ብዙም ሳይርቅ ደግሞ ቻታልሆዩክ የተባለ፣ ዕድሜው ወደ 9000 ዓመት የሚጠጋ የጥንት ሰፈር ይገኛል። እ.ኤ.አ. ከ1961 እስከ 1965 የቆፈረው አርኪዮሎጂስት ጄምስ ሜላርት፣ በ1989 ከሌሎች ጋር ባሳተመው መጽሐፍ የኪሊም ቅርጾች ከዚያ ሰፈር የግድግዳ ሥዕሎች የወረዱ ናቸው አለ፤ የሥዕሎቹን ንድፍም አወጣ። ለነጋዴ ከዚህ የተሻለ ወሬ ከየት ይመጣል? ነገር ግን ሽመና የሚያውቁ ሰዎች ወዲያው ተቃወሙት። ሜላርት ከሞተ በኋላም፣ በ2018 ኤበርሃርድ ዛንገር የተባለ ተመራማሪ የፈጠራ ሥዕሎቹን መለማመጃዎች ለንደን በሚገኘው የሟቹ ቤት ማግኘቱን ይፋ አደረገ። ስለዚህ ነጋዴው «ይህች የ9000 ዓመት እናት አምላክ ናት» ቢላችሁ ሻዩን ጠጡለት እንጂ ዋጋ አትጨምሩለት። ቴይዜን ትርጉሙን ብጠይቃቸው «እናቴ እናቷ ስትሠራ ያየችውን ሠራች» ነው ያሉኝ። ለእኔ ይህ ይበልጣል።

ቀለሙም የራሱ ታሪክ አለው። ድሮ ቀዩ ማደር ከሚባል ተክል ሥር፣ ሰማያዊው ከኢንዲጎ፣ ቡናማው ከዋልነት ልጣጭ ይወጣ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1856 እንግሊዛዊው ዊሊያም ፐርኪን የመጀመሪያውን የታወቀ የኬሚካል ቀለም ካገኘ በኋላ ርካሹ ቀለም ቀስ በቀስ የአናቶሊያ መንደሮችም ደረሰ። ከእነዚህ ቀለሞች ብዙዎቹ ሲታጠቡ ይለቁ፣ ፀሐይ ሲመታቸው ይገረጡ ነበር። የድሮው ዘዴ ከብዙ ቦታ ጠፋ። በ1981 ጀርመናዊው የኬሚስትሪ መምህር ሃራልድ ቦመር ከኢስታንቡሉ የማርማራ ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆኖ «ዶባግ» በተባለው ፕሮጀክት የዕፅዋት ቀለምን ወደ መንደር ሴቶች እጅ መለሰው።

ወደዚያ የምትሄዱ፣ ወይም ዘመድ የምትልኩ ካላችሁ ጥቂት ነገር ልበል። ኪሊሙን ገልብጡት፤ ፊቱ ገርጥቶ ጀርባው የሚጮህ ከሆነ ቀለሙ ፀሐይ አይችልም። ነጭ የጥጥ ጨርቅ በውኃ አርጥባችሁ ቀዩ ላይ ጫን አድርጉ፤ ጨርቁ ከቀላ ቤታችሁ ስታጥቡትም ይለቃል። በንግዱ «ጥንታዊ» የሚባለው ባብዛኛው መቶ ዓመት የሞላው ነው፤ ከዚያ በታች ያለው «አሮጌ» ነው። ቱርክ ቅርስ የምትለውን ዕቃ ከሀገር ማውጣት በሕግ የተከለከለ ስለሆነ፣ በጣም የቆየ ከሆነ ሻጩን ማረጋገጫ ጠይቁት። እቤት ስትገቡ ደግሞ ከሥሩ የማያንሸራትት ስስ ምንጣፍ አድርጉ፤ ይዛችሁ አታራግፉት፤ ቀጥተኛ ፀሐይ አታስመቱት፤ ብልንም ተጠንቀቁ፤ የበግ ጠጉር ይወዳል።

የቴይዜን ኪሊም ገዛሁት። ስጦታ አልነበረም፤ ነጋዴው ከሰጣቸው ዋጋ ጨምሬ ከፈልኩ፤ እሳቸውም ቆጥረው ተቀበሉ። ሁለት ነገር ብቻ አስማሉኝ። አንዱ እንዳልቆርጠው። ሌላው፣ «ማን ሠራው?» ብሎ የጠየቀኝን ሁሉ የእናታቸውን ስም እንድነግረው። ስሙን በልጄ እጅ አስጻፉኝ፤ የመንደሩንም እንደዚሁ።

አዲስ አበባ ስመለስ ሳሎን ዘረጋሁት። እማዬ ከእኛ ጋር ነው የምትኖረው፤ ሰማንያ ዓመት አልፏታል፤ ካለፈው ዓመት ጀምሮ መርሳት አብዝታለች። የልጅ ልጆቿን ስም ታቀያይራለች፤ ምሳ በልታ «ምሳ የለም ወይ?» ትላለች። ያን ቀን ግን ከወንበሯ ጎንበስ ብላ የኪሊሙን ጠርዝ በሁለት ጣቷ አሸችው። ደጋግማ አሸችው።

«ይህቺ ፈታይ ናት» አለች። «አጥብቃ ነው ያከረረችው። የማን ናት?»

በተማልኩት መሠረት ስሙን ነገርኳት። ለመጥራት ሞከረች፣ አቃታት፣ ሳቀች። ከዚያ ድንገት «የኔስ የት አለ?» አለችኝ።

ባናዋን ነው። መንዝ ሳለች፣ በ1950ዎቹ መጀመሪያ ልትዳር ስትል፣ የበጉን ጠጉር ራሷ ነድፋ ራሷ ፈትላ ያሠራችው ነው። ከባድ ነው፣ ይኮሰኩሳል፣ ዝናብ የመታው በግ ይሸታል። ለዓመታት ቁም ሳጥን ላይ በማዳበሪያ ከረጢት ተጠቅልሎ ተቀምጧል። ወንድሜ ለዘበኛው እንስጠው ይል ነበር፤ ባለቤቴም ቦታ ያዘ ይላል። አውርጄ ጭኗ ላይ አደረግሁላት።

ያን ቀን የነገረችኝን ሰምቼው አላውቅም ነበር። ሁለት ክረምት እንደፈተለች፤ እንዝርቷን የአያቷ እንደሆነ፤ ሸማኔው እቤታቸው ድረስ መጥቶ እንደሠራውና ዋጋው በገብስ እንደተከፈለ፤ አባቷ ልቃቂቱን ቆጥሮ «ልጄ ቤት አይበርዳትም» እንዳለ። ስልኬን ከፍቼ ቀዳሁት። ማታ ለልጆቹ ሳሰማቸው ትንሹ «አያቴ ፋብሪካ ነበረች?» አለ።

ከዚያ ወዲህ በሳምንት ሁለት ቀን ጠዋት ጠዋት እጠይቃታለሁ፤ ከሰዓት በኋላ ይደክማታል። አንዳንዱ ቀን ብዙ ይገኛል፣ አንዳንዱ ቀን ምንም። ያልጠየቅሁት ነገር ገና ብዙ ነው፣ የቀረን ጊዜ ግን እንደዚያ አይመስለኝም። እቤታችሁ አሮጌ ዕቃና አሮጌ ሰው አብረው ካሉ፣ ዕቃውን አውርዳችሁ እጃቸው ላይ አኑሩት። ጥያቄ የማያወጣውን አንዳንዴ ጣት ያወጣዋል።

ልጄ ጥር ላይ ታገባለች። ኪሊሙንም ባናውንም እወስዳለሁ ብላለች፤ ኪሊሙን ለሳሎን፣ ባናውን ለአልጋ ግርጌ። ጀርባቸው ላይ ትንሽ ነጭ ጨርቅ እየሰፋሁ ነው። በኪሊሙ ላይ የቴይዜ እናት ስም፣ መንደሯና ኮንያ የሚለው ተጽፏል። በባናው ላይ ደግሞ የፈተለችው፣ የሸመነው፣ ቦታውና ዘመኑ። የሸማኔውን ስም እማዬ አንድ ቀን አንድ፣ በማግሥቱ ሌላ አለችኝ። ሁለቱንም ጽፌያቸዋለሁ።