ከሸማኔው ጕድጓድ አጠገብ

ከጅማ ተነሥተን የጎጀብን ወንዝ ተሻግረን ወደ ቦንጋ በወጣን ጊዜ፥ ልባችን የተመኘው ስመ ጥሩውን የከፋን ቡናና በ2002 ዓ.ም. በዩኔስኮ መዝገብ የገባውን ደን ለማየት ነበር። ነገር ግን ብርቱ ዝናም ስለ ያዘን ከአንድ ሸማኔ ደጅ ደረስን። ባለቤቱ ሽበታም አዛውንት ሲሆኑ፥ እኛ ዕድሜያቸውን ትተን ሥራቸውን ብቻ አይተን «አንተ ሸማኔ፥ አስጠልለን» አልናቸው። እርሳቸውም በትሕትና «ግቡ» ብለው ወደ ክራቸው ተመለሱ።

አዛውንቱ በጕድጓዱ አፋፍ ተቀምጠው፥ እግራቸውን ወደ ታች ሰደው መርገጫውን በተራ ይረግጣሉ። ድሩ ሲከፈት መወርወሪያው ከቀኝ ወደ ግራ ያልፋል፤ ማጉም ተመትቶ ይጠጋል፤ መወርወሪያው ደግሞ ይመለሳል። ከዚህና ከዝናሙ በቀር በቤቱ ድምፅ አልነበረም። አንድ ክር በተበጠሰ ጊዜ ፊታቸው ሳይጠቍር ሥራውን አቁመው፥ ሁለቱን ጫፍ ፈልገው ቋጥረው ቀጠሉ። ወደ ጥለቱ ሲደርሱ ግን እጃቸው ዘገየ፤ ባለቀለሙን ክር ከድሩ መካከል በጣታቸው እየቈጠሩ ያስገቡ ነበርና። በቍጥሩ አንድ ክር ቢሳሳቱ የጥበቡ መልክ ይፈርሳል፤ ስለዚህ ሐሳባቸው እንደ ጸሎተኛ ሐሳብ ተሰብስቦ ከጣታቸው አይርቅም። እኛም ስናይ ዋልን እንጂ አንድም ቃል አልተናገርን።

ይህ ትዕግሥት ከሸማኔው አይጀምርም። በቈላ የበቀለውን ጥጥ ዳምጣ ፍሬውን የምትለይ፥ በደጋን ነድፋ ባዘቶ የምታደርግና በእንዝርት የምትፈትል እመቤት ናት። አራት እጥፍ ሆኖ ከብርድ የሚያድነን ጋቢ የእርስዋ የብዙ ሌሊት ድካም አለበት። በዳውሮም ጥቍር፥ ቀይና ቢጫ ቀለም የተሰለፈበት ጨርቅ የበዓል ክብር ሆኖ የሚለበሰው ከእንዲህ ያለ እጅ ወጥቶ ነው።

ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ ባለእጅን በሥራው መስደብ እንዲቀር በ1900 ዓ.ም. ዐዋጅ አስነግረው ነበር። ከዚያ ወዲህ ከመቶ ዓመት በላይ ሆነ። እኛ ግን ኩታውን በትከሻችን እየደረብን፥ የሠራውን ሰው ከደጅ ስንጠራ የቀደመውን ንቀት በምላሳችን እንደ ያዝን ነን። ነጭ ልብስ ለብሶ ለበዓል መውጣት መልካም ነው፤ ነገር ግን ልብሱን አክብሮ ሠሪውን መናቅ ድሩን ይዞ ማጉን እንደ መጣል ነው። ልጆቻችንም ይህን የሚማሩት ከትምህርት ቤት አስቀድሞ ከእኛ አፍ ነው።

ዝናሙ ባባራ ጊዜ ተነሣን። ስንገባ «አንተ» ያልናቸውን አዛውንት፥ ስንወጣ «አባቴ፥ እግዜር ይስጥልኝ» ብለን እጅ ነሥተን ተሰናበትናቸው። እርሳቸውም ራሳቸውን ዝቅ አድርገው መረቁን፤ መወርወሪያውም እንደ ገና ሲያልፍ ከውጭ ሰማነው።