ዘይቱ ወዴት ይሸሻል?

መተማ ላይ የሞተር ወሬ ሁሌም ሙቀት ጋ ያደርሳል። አጎቴ ከሸኸዲ ሰሊጥ የሚጭን አይሱዙ አላቸው፤ በመኸር ሞተር ማውረድ ከመጣ የዓመቱ ገቢ አብሮ ወረደ ማለት ነው። እኔ ኮድ ጸሐፊ ብሆንም ስለ ውድድር መኪና ማንበብ እወዳለሁ። “ጋሼ፣ ዘይቱን ከሥሩ የማያስቀምጥ ሞተር እኮ አለ” አልኳቸው።

በተለመደው ሞተር ዘይቱ ከሥር ባለ ቋት ይጠራቀማል፤ ፓምፑ ከዚያ ይስበዋል። መኪናው በፍጥነት ሲታጠፍ ግን ዘይቱ ወደ ጎን ይሸሻል። የጎን ግፊቱ ከመሬት ስበት ጋር ሲስተካከል ገጹ 45 ዲግሪ ያጋድላል፤ ፓምፑ አየር ይውጣል፣ ብረት ከብረት ይፋጫል። ድራይ ሳምፕ የሚባለው መላው ነው። በአየር የሚቀዘቅዙት የቀድሞዎቹ ፖርሽ 911ዎች ዘይቱን ለብቻው በቆመ ማጠራቀሚያ ያኖሩ ነበር። አንድ ፓምፕ ወደ ሞተሩ ይገፋል፣ ሌላው ከሥር የወረደውን ጠርጎ ይመልሳል። የመላሹ አቅም ከገፊው ይበልጣል፤ የሚስበው ዘይት ብቻ ሳይሆን አረፋም ነዋ! አረፋው ማጠራቀሚያው ውስጥ ይለያል። ሞተሩም ዝቅ ብሎ መቀመጥ ይችላል፣ ለኔ ውበቱ እዚህ ጋ ነው።

“ቱቦው መንገድ ላይ ቢበሳ ማን ይቀይርልኛል?” አሉኝ።

እውነታቸውን ነው። በ100 ሜትር 10 ሜትር የሚወርድ ቁልቁለት እንኳ ዘይቱን የሚያጋድለው 6 ዲግሪ ገደማ ነው። የሳቸው ጠላት ሙቀት ነው፦ የጋለ ዘይት ይቀጥናል፣ ግፊቱም ይወርዳል። በአንድ ነገር ግን አልለቀቅኳቸውም፦ ዘይት ሲለኩ መኪናው ሜዳ ላይ ይቁም። የሚያቆሙበት ግቢ ተዳፋት ነው።