ረዳትማ ሞልቷል

አዲስ አበባ ውስጥ ዓይነ ስውር ሰው አስፋልት ዳር ቆሞ አሻጋሪ አያጣም። ሳይጠራ መጥቶ ክንዱን የሚይዘው ብዙ ነው፤ መሻገር ይፈልግ አይፈልግ ሳይጠይቅ የሚያሻግረውም አለ። በዊልቸር የመጣን ሰው አራት ጎረምሶች ተሸክመው ሦስተኛ ፎቅ ያደርሱታል። እናት ያረጁበት ቤትም ውኃ የሚያቀብል ልጅ አይጠፋበትም። በዚህ አንታማም። እኔን የሚከነክነኝ የገመና ነገር ነው። ሰው ሳይሰማ ደብዳቤን ማንበብ፣ ሰው ሳያይ ገንዘብን መቁጠር፣ ሰው ሳይደግፍ መጸዳጃ ቤት ገብቶ በሩን መዝጋት። ስለ አጋዥ መሣሪያ በተነሣ ቁጥር ወሬያችን ስለ ልገሳና ስለ ርኅራኄ ስለሚሆን ይህቺ ነገር ትረሳለች።

ስድስት ኪሎ ተማሪ ሳለሁ የአንድ ዓይነ ስውር ጓደኛዬ አንባቢ ነበርኩ። ያኔ የተለመደ ነው፤ ዓይናማው ያነባል፣ እሱ ያዳምጣል ወይም በቴፕ ይቀዳል። የትምህርቱን መጽሐፍ ሳነብለት ምንም አልነበረም። ጭንቁ ከአገር ቤት ደብዳቤ የመጣለት ቀን ነው። የአባቱን ዕዳ፣ የእኅቱንና የባሏን ጠብ፣ በኋላ ደግሞ የሚወዳት ልጅ የጻፈችለትን፣ ሁሉንም ከእሱ ቀድሜ የማውቀው እኔ ነበርኩ። ክፉው ወሬ ላይ ስደርስ ድምፄን ምን እንደማደርገው ይጠፋኛል፤ እሱም ፊቱን ምን እንደሚያደርገው። ምስጢሩን ለማንም አላወጣሁም። ግን ለእሱ ብቻ የሆነ ምስጢር አልነበረውም።

ዛሬ የሚያነብለት ስልኩና ኮምፒውተሩ ነው። ስክሪን ሪደር የሚባለው ፕሮግራም ስክሪኑ ላይ ያለውን ጽሑፍ በድምፅ ያነባል። ኮምፒውተር ላይ እሱ የሚጠቀምበት ኤንቪዲኤ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2006 ማይክል ከረን የተባለ አውስትራሊያዊ ዓይነ ስውር ጀመረው፣ ጓደኛው ጄምስ ቴህም አገዘው፤ እሱም ዓይነ ስውር ነው። ጆውስ የሚባለው ቀደምት ፕሮግራም ዋጋው ከኮምፒውተሩ የማያንስ ነበርና እነዚህ ልጆች የእነሱን በነፃ ሰጡት። ድምፁ አያምርም፤ ብረት ብረት ይላል። ጓደኛዬ ደግሞ ፍጥነቱን ስለሚያከንፈው እኔ አጠገቡ ተቀምጬ አንድ ቃል አልለይም። ያለ ማዳመጫ እንኳ ቢያስነብበው ምስጢሩ አይወጣም።

አማርኛ ላይ ሲደርስ መንገዱ ይንገጫገጫል። ፊደላችን የሚጠብቀውንና የሚላላውን አይለይም፤ «ዶሮው ይበላል» ቢባል በላተኛው ዶሮው ይሁን ሌላ ሰው እኛ ከወሬው አካሄድ እናውቃለን፣ ማሽኑ ይገምታል። ይሁን፣ ጆሮ ይለምደዋል። የባሰው እኛው የምንሠራው ነው። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት የነበሩት ፎንቶች የፊደላችንን ቅርጽ በላቲን ፊደላት ኮድ ላይ የደረቡ ስለነበሩ፣ ለዓይን «ሰላም» የሆነው ለኮምፒውተሩ የእንግሊዝኛ ፊደልና የምልክት ዝብርቅርቅ ነው። በእነዚያ ፎንቶች በተጻፈ ሰነድ ላይ ስክሪን ሪደሩ ይቃዣል። አሁን ደግሞ ልማዱ የሥራ ማስታወቂያውን ማኅተም መትቶ፣ ፎቶ አንሥቶ ቴሌግራም ላይ መለጠፍ ሆኗል። ፎቶው ለብዙው ስክሪን ሪደር ባዶ ነው። ግርጌው ላይ «አካል ጉዳተኞች ይበረታታሉ» የሚል መስመር አለበት።

በኮከብ ጀምረው በመሰላል የሚዘጉት የስልክ አገልግሎቶችም ጊዜ አይሰጡም። ድምፁ ዝርዝሩን አንብቦ ሳይጨርስ መስመሩ ይዘጋል። ያኔ የምስጢር ቁጥርን አጠገብ ለተቀመጠ ሰው መንገር ነው።

ነገሩ ስልክና ኮምፒውተር ብቻ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2016 ያወጣው የ50 አጋዥ መሣሪያዎች ዝርዝር ስክሪን ሪደርንም የመጸዳጃ ቤት ወንበርንም ይዟል። ሁለተኛውን የተረዳሁት በአክስቴ ነው። ጉልበታቸው አልታጠፍ ካላቸው ወዲህ የቁጢጥ መጸዳጃ ቤት የሚገቡት በሰው ተደግፈው ነበር። ለካ ከሰዓት በኋላ ውኃ መጠጣት ትተዋል፤ ማታ ልጅ ላለመቀስቀስ። ለማንም ትንፍሽ አላሉም። በኋላ የሰፈር አናጢ መቀመጫው መሐል ለመሐል የተቀደደ ወንበር ሠራላቸው፣ በያጅም ግድግዳው ላይ የብረት መያዣ ተከለ። ልጆቻቸው «እኛ እያለን!» ብለው ቅር አላቸው። እኔ ልጆቹን አልወቅስም፣ እናታቸውን መደገፍ ፍቅራቸው ነው። እሳቸው ግን በሩን ከውስጥ ይቀረቅሩታል፤ ውኃቸውንም እንደ ድሮው ይጠጣሉ።

ወደ ገንዘቡ ልመለስ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 1728 የዓይነ ስውር ወይም ማንበብ የማይችል ሰው ፊርማ በአዋዋይ፣ በመዝጋቢ ወይም በዳኛ ካልተረጋገጠ ፈራሚውን አያስገድደውም ይላል። ያላነበቡትን እንዳያስፈርሟቸው የታሰበ ጥበቃ ነው፤ በዘመኑ ተገቢ ነበር። ዛሬ ግን ውሉን በጆሮው አንብቦ የጨረሰውን ሰው ካላነበበው ጋር አንድ ያደርገዋል። የትነበርሽ ንጉሤ እ.ኤ.አ. በ2017 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ያገኘች ዓይነ ስውር የሕግ ባለሙያ ናት፤ እንደ አንቀጹ አጻጻፍ የእሷም ፊርማ አረጋጋጭ ይጠይቃል። በሌላ በኩል ኢትዮጵያ በአዋጅ ቁጥር 676/2002 ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት አንቀጽ 12 አካል ጉዳተኛው የገንዘቡን ጉዳይ ራሱ እንዲመራ ያዛል። ሁለቱ ሕጎች ባንክ መስኮት ላይ ይገናኛሉ፤ እዚያ ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚያሸንፈው «ምስክር ይዘህ ና» ነው። ያ ምስክር የሂሳቡን ልክ አይቶ ይወጣል።

ባንክ የምትሠሩ ወዳጆች ካላችሁ፣ ሕጉ እስኪሻሻል በእጃችሁ ያለ ነገር አለ። ውሉን በዩኒኮድ ጽፋችሁ አስቀድማችሁ በስልኩ ላኩለት። ማዳመጫውን ሰክቶ እስኪጨርስ ጠብቁት፤ ያልገባው ካለ ራሱ ይጠይቃችኋል። ከዚያ ማረጋገጡን የግድ ካላችሁም፣ አረጋጋጩ ፊርማውን ይይ እንጂ የሂሳቡን ልክ አታሳዩት።