«ማሽን ነው» ብዬ ያጠፋሁት የአባት ድምፅ



ዛሬ የምጽፍላችሁ ስለ ራሴ ጥፋት ነው። ያጠፋሁት በብዙ ሰው ፊት ስለሆነ ይቅርታውም በብዙ ሰው ፊት ቢሆን ይሻላል ብዬ ነው። ደግሞ ከእናንተም ውስጥ የሆነ ግሩፕ አድሚን ያልሆነ ጥቂት ነው፤ ነገ የኔው ዓይነት እንዳይገጥማችሁ።

ደሴ ላይ የድሮ መንዙማ የምናሰባስብበት አንድ የቴሌግራም ግሩፕ አለን። (የመንዙማን ሑክም ለዑለማዎቹ ትቼዋለሁ፤ እዚህ እንዳትጀምሩብኝ በአላህ።) ሥራችን ቀላል ነው። በየቤቱ ሳጥን ውስጥ የተረሳ ካሴት ይፈለጋል፣ በስልክ ይቀዳል፣ ማን እንዳለው፣ የት ሐድራ ላይ እንደተባለ ይጻፍበትና ይለቀቃል። የሚከፍለን የለም፣ የሚያዘንም የለም፤ ፍቅር ነው። አድሚኖቹ ሦስት ነን፦ እኔ፣ አንድ ጡረታ የወጡ መምህር፣ አንዲት ኮምቦልቻ የምትማር እህታችን።

ለምን ይህን ያህል እንለፋለን ለሚል ሰው፦ የወሎ መንዙማ ግጥሙ ብዙው በዐጀም ተጽፎ ቆይቶልናል፤ በዐረብኛ ፊደል የተጻፈ አማርኛ ማለት ነው። እነ ሸህ ጦልሀ ቢን ጃዕፈር የጻፉት ዛሬም በየሸሁ ቤት ይገኛል። ዜማው ግን ወረቀት ላይ የለም። ከአንዱ ጉሮሮ ወደ ሌላው ነው የሚሄደው። ባለጉሮሮው ሲሞት ካሴት ካልቀረለት አለቀ። በዚያ ላይ በ2014 ዓ.ም. ከጥቅምት መጨረሻ እስከ ኅዳር ድረስ ሁለቱ ከተሞቻችን በጦርነቱ ያዩትን ታውቃላችሁ። የደሴ ሙዚየም ሳይቀር ተዘርፏል፤ ከሰው ቤትማ ቴፑም ካሴቱም አብሮ ሄደ። አላህ ይዘንላቸውና ፕሮፌሰር ሑሴን አሕመድ የ19ኛውን ክፍለ ዘመን የወሎ ኢስላም ታሪክ ሲጽፉ በየገጠሩ የተቀመጡ ጽሑፎችንና የሽማግሌዎችን ቃል ነበር የሚያስሱት። ነገ እንደሳቸው ያለ ሰው ሲመጣ የሚያገኘው እኛ ያስቀመጥነውን ነው። የተበላሸ ካስቀመጥን የተበላሸ ይጽፋል።

ኤአይ የመጣብን እዚህ ላይ ነው።

ከ2016 ወዲህ ሱኖን የመሳሰሉ ፕሮግራሞች በየስልኩ ገቡ። ግጥም ትሰጠዋለህ፣ «እንዲህ ዓይነት ዜማ» ትለዋለህ፣ ቡናው ሳይፈላ ሙሉ እንጉርጉሮ ያወጣልሃል። የሰው ድምፅ መኮረጁም የጥቂት ሰከንድ ቅጂ ብቻ የሚፈልግ ነገር ሆኗል። ግሩፓችን ውስጥ መጀመሪያ የገባው በአንድ ትልቅ ዓሊም ስም ነበር። ሰዉ «ማሻአላህ» ይላል፣ ያለቅሳል፣ ያጋራል። ማሻአላህ ካሉት አንዱ እኔ ነኝ። ከዐስር ሶላት በኋላ መስጂድ በረንዳ ላይ ለተቀመጡ አንድ አባት አሰማኋቸው። ሰምተው ሲጨርሱ ሳቁ።

«ልጄ፣ እኒህ ሰው ሲሞቱ እዚህ አገር ቴፕ የት ነበረና?»

አፈርኩ። ሐዲስ የቀራሁ ሰው፣ ኢስናድ ምን እንደሆነ ለደረሳ የማስረዳ ሰው፣ ድምፁ ስላማረ ብቻ ከማን እንደመጣ ሳልጠይቅ ተቀበልኩ። ከዚያ በኋላ ወደ ሌላኛው ጫፍ ሄድኩ። ጥፋቴ ከዚህ ይጀምራል።

አዲስ ደንብ አረቀቅኩ፦ በኤአይ የተሠራ ይጠፋል፣ የላከው ይባረራል። መምህሩ ደገፉኝ። እህታችን ግን፣ «ኡስታዝ፣ በምን ያውቁታል?» አለች።

«በጆሮዬ!»

እውነት ለመናገር ያኔ በጆሮ ይታወቅ ነበር። ጽሕፈታችን ጠብቆ የሚነበበውን ላልቶ ከሚነበበው የሚለይ ምልክት አይጠቀምም። «ገና» ብዬ ብጽፍ፣ «ገና አልመጣም» የሚለው ይሁን በዓሉ ይሁን የምትለዩት ከዐረፍተ ነገሩ ነው። ዐረብኛ ሸዳ አለው፤ እኛ ሳንጽፈው እናነባለን። ማሽኑ ግን ይገምታል፤ ሲገምት የሚላላውን ያጠብቃል፣ የሚጠብቀውን ያላላል። «ቀ» ወደ «ከ»፣ «ጠ» ወደ «ተ» ትሸሽበታለች። ደግሞ ተቀባዩ ጀማዓ አንድ ላይ ይጀምራል፣ አንድ ላይ ይጨርሳል። እውነተኛ ሐድራ ላይ አንድ የሚቀድም፣ አንድ የሚዘገይ፣ አንድ በመሐል ቡና የሚጠይቅ አይጠፋም።

«ዛሬ ይለዩታል» አለች። «በሚቀጥለው ዓመትስ? ደግሞስ ጆሮዎ ሲሳሳት ማን ይነግርዎታል?»

መልስ አልነበረኝም፤ ግን ሁለት ለአንድ ነበርንና ደንቡ ጸደቀ።

ባለፈው መውሊድ ሰሞን አንድ የኮምቦልቻ ልጅ አንድ መንዙማ ለቀቀ። ድምፁ ንጹሕ ነው፣ ከልክ በላይ ንጹሕ። የትንፋሽ ድምፅ የለም። የድቤው ጭራ ይዋጣል፤ ተመትቶ ሳያስተጋባ ውኃ ውስጥ እንደገባ ይጠፋል። ከላይ የተለጠፈው ሥዕል ደግሞ የጠመጠሙ ሽማግሌ ናቸው፤ ሙስበሓውን የያዘው እጅ ስድስት ጣት አለው። ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ አለ? አጠፋሁት። ማጥፋቱ ሳይበቃኝ ሰው ሁሉ በሚያይበት፣ «ሐሰተኛ ነው፣ በሟች ስም አትነግዱ» ብዬ ጻፍኩና ልጁን አስወጣሁት። በውስጥ መስመር አንዲት መልእክት ላከልኝ፦ «ኡስታዝ፣ አባቴ ናቸው።» ሁሉም እንዲህ ነው የሚለው ብዬ አለፍኩት።

በአራተኛው ቀን እህታችን አንድ የድምፅ ፋይል ላከችልኝ። ልጁ አፈላልጎ አግኝቷት ነው። ያው መንዙማ ነው፣ ግን ያልጸዳው። ዝናብ ቆርቆሮ ላይ ይወርዳል። ሕፃን ያለቅሳል። ባለመንዙማው መሐል ላይ ያስላሉ፣ ሳላቸው እስኪያልፍ ጀማዓው ይዞ ይቆያቸዋል፣ ከዚያ ይቀበላሉ። በመጨረሻ ቴፑ ሳይዘጋ ድምፃቸው ይሰማል፦ «ቶናው ደረሰ?»

ነገሩ እንዲህ ነበር። ቤታቸው በ2014 ተዘርፏል። ይህ ካሴት የተረፈው ለዘመድ ተውሶ ሌላ ቤት ስለነበረ ነው። አባትየው ከዚያ በኋላ ብዙም ሳይቆዩ አኺራ ሄዱ። ልጁ ካሴቱን ቀድቶ ጫጫታውን በስልክ አፕ አጸዳው፤ ያ ማጽጃ ነው ትንፋሹን የበላው፣ የድቤውን ጭራ የቆረጠው። ሥዕሉን በኤአይ ያሠራው ደግሞ ፎቶ ስለሌለው ነው። ፎቶዎቹም አብረው ተወስደዋል።

ሱረቱል ሑጁራት ውስጥ ወሬን ማጣራት ያዘዘውን አንቀጽ ስንት ጊዜ ለሰው ተናግሬበታለሁ። አንቀጹ የሚያበቃው በጸጸት መሆኑን ግን የዚያን ሌሊት ነው ያስታወስኩት።

በማግስቱ ሚኒባስ ይዤ ወረድኩ። ደሴና ኮምቦልቻ ሃያ አምስት ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆን ነው፤ ሐረጎን ስትወርዱ ብርዱ ወደ ኋላ ይቀራል፣ እኔ ግን ኮምቦልቻ ደርሼም ጋቢዬን አላወለቅኩም። ልጁን ከሚሠራበት ጋራዥ አገኘሁት። እጁ ግራሶ ስለነበር በክንዱ ነው የጨበጠኝ። ብዙ አልተናገረም። «ቤት እንሂድ፣ እናቴ ሰምታለች» አለ ብቻ።

እናትየው ቡና አቀረቡ። አውፍ በሉኝ አልኳቸው፤ አውፍ አሉኝ። ቀጥለው የተናገሩት ነው ያልለቀቀኝ።

«ልጄ፣ እኔ ሠላሳ ምናምን ዓመት አብሬያቸው የኖርኩ ነኝ። እናንተ የተማራችሁት “የሳቸው አይደለም” ስትሉ ጊዜ እኔም ተጠራጠርኩ። ሌሊት ተነስቼ ከፍቼ ሰማሁት። እውነት እሳቸው ናቸው ወይ አልኩ።»

ዝም አልኩ። ምን ይባላል?

ጥቂት ቆይተው ወደ ልጃቸው አዩና፣ «እሱም ቢሆን አጥፍቷል» አሉ። «ሳሉን አውጥቶባቸዋል። ሳሉ ነበር እኮ እሳቸው።»

ልጁ ሳቀ፤ ከመጣሁ ወዲህ መጀመሪያ የሳቀው ያኔ ነው።

ደሴ ተመልሼ ደንቡን እንደገና ከፈትነው። ሁለት ምሽት ተከራከርን። እህታችን የሰው አገር ታሪክ ይዛ መጣች። በፈረንጆቹ 2022 መጨረሻ ላይ ሬዲት በተባለው መድረክ፣ ከ20 ሚሊዮን በላይ አባላት ባሉት የሥዕል ማኅበር ውስጥ፣ አንድ የቬትናም ሠዓሊ ሥዕሉን ሲለጥፍ «የኤአይ ነው» ተብሎ ታገደ። በእጁ መሥራቱን የሚያሳይ ፋይል አቀርባለሁ ቢል አስተዳዳሪው አልሰማውም፤ እንዲያውም አሣሣልህን ቀይር አለው። ነገሩ ሲወጣ ዓለም ተነጋገረበት። ሌላው ደግሞ ስታክ ኦቨርፍሎው ነው፣ የኮምፒውተር ባለሙያዎች የሚጠያየቁበት። በታኅሣሥ 2022 በቻትጂፒቲ የተጻፈ መልስ ከለከሉ፤ ምክንያታቸው መልሱን ማምረት ቀላል፣ ስሕተቱን ማጣራት ግን ከባድ ስለሆነ ነው። በሚቀጥለው ዓመት ኩባንያው «መለያ መሣሪያዎቹ ንጹሑንም ስለሚወነጅሉ በጥርጣሬ አትሰርዙ» ሲል ብዙ በጎ ፈቃደኛ አስተዳዳሪዎች ሥራ አቆሙ። ሁለቱም ወገን እውነት ይዟል። ጎርፉን ካልገደቡት ይወስዳቸዋል፣ ሲገድቡት ደግሞ ሰው ይጎዳሉ። እኛ ደሴ ላይ ስንከራከርበት የነበረው ይኸው ነው፣ እኛ በቡና ነው እንጂ።

መምህሩ በበኩላቸው ቢትልስን አነሡ። (ሙዚቃ ላስተዋውቃችሁ አይደለም፣ ለምሳሌነቱ ነው።) በ1980 የተገደለው ጆን ሌነን ቤቱ ፒያኖ እየመታ የቀዳው ካሴት ነበር። ድምፁን ከፒያኖው መለየት አቅቷቸው ዓመታት ቆየ፤ በመጨረሻ ኤአይ ለየላቸውና በ2023 ሙሉ ሥራ ሆኖ ወጣ። ማሽን ነክቶታል፣ ድምፁ ግን የሰውየው ነው። «ስለዚህ ማሽን ነክቶታል ወይ ብለን መጠየቃችንን እንተው» አሉ መምህሩ። «ከበስተጀርባው ካሴት አለ ወይ? ሰው አለ ወይ?»

እኔ ከመድረሳ ያመጣሁት አንድ ነገር ነበር። በሐዲስ ትምህርት አንድን ራዊ «ደካማ ነው» የሚል ሰው ምክንያቱን ካልዘረዘረ፣ በተለይ ሰውየው በሌሎች ዘንድ የተመሰከረለት ከሆነ፣ ንግግሩ አይወሰድለትም። መተቸትም ማስረጃ ይፈልጋል። ኢማም ቡኻሪ አጥብቀው ስለሚጠራጠሩት ሰው እንኳ ብዙ ጊዜ ለስለስ ያለ ቃል ነበር የሚመርጡት። እኔ በስድስት ጣት ሥዕል «ሐሰተኛ» ብዬ ጻፍኩ። የስድስቱ ጣት ማስረጃነት ለሥዕሉ ብቻ ነበር፤ ለድምፁ አልነበረም።

የተስማማንበት ይኼ ነው። የሚልክ ሰው ከማን እንዳገኘው፣ በምን እንደተቀዳ ይጽፋል፤ የማያውቅም «አላውቅም» ይላል፣ ነውር የለበትም። ያጸዳ ሰው ያልጸዳውንም አብሮ ይለቅቃል፤ ይህቺ የናትየው ናት። የሞተን ሰው ድምፅ በማሽን ማስመሰል በፍጹም አይፈቀድም፣ ምልክት ቢደረግበትም። ጥርጣሬ ሲኖር መጀመሪያ በውስጥ ይጠየቃል፣ ሁለት አድሚን ሳይስማማ አይሰረዝም፣ በአደባባይ ማንም ማንንም ሐሰተኛ አይልም።

አንዷ አልተቋጨችም። አንድ ወጣት የራሱን ግጥም ጽፎ፣ ድምፅ ስለሌለው ለማሽን ቢሰጠውና «ግጥሙ የኔ፣ ድምፁ የማሽን» ብሎ ቢልክስ? እህታችን ይግባ ትላለች፤ ስንቱ ድምፅ የሌለው ገጣሚ አለ ብላ። መምህሩ አይሆንም ይላሉ። እኔም ከሳቸው ጋር ነኝ። ልጁ ዋሽቷል አልልም። ግሩፑ ግን የተከፈተው ያለውን ለመጠበቅ ነው፤ አዲሱ በብዛት ሲመጣ አሮጌው ሥር ይገባና ይቀበራል። ለአዲሱ ሌላ ቤት ይከፈትለት። እሷ አሁንም አልተዋጠላትም፤ ሳምንት አልፎ ሳምንት ታነሣዋለች፣ እኔም እየሰለቸኝም ቢሆን እሰማታለሁ። ባለፈው እሷን አለመስማቴ የት እንዳደረሰኝ አይቻለሁ።

ይቅርታዬን ግሩፑ ላይ በስሜ ጻፍኩ፣ ያልጸዳውንም ካሴት ከነዝናቡ ለቀቅነው። ከሰሙት መሐል አንድ ሰው ከተቀባዮቹ መሐል የአጎቱን ድምፅ ለይቶ ጻፈልን። ለልጁ መግቢያውን ልኬለታለሁ። አይቶታል፣ አልገባም። እናትየው ግን ሳል ያለበትን በስልካቸው አስጭነዋል፤ በሚሞሪ አድርጌ የወሰድኩላቸው እኔ ነኝ።

ወሰላሙ ዐለይኩም።