ከእማዬ ጋር ፊደል ስንቆጥር

ፊደል የቆጠርነው እኔና እማዬ አብረን ነው። በ1971 ዓ.ም. ክረምት የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር እሷ ማንበብም መጻፍም አትችልም፤ እኔም ለትምህርት ቤት ገና አልደረስኩም። ጎንደር ላይ በሰፈራችን ቀበሌ የማታው ትምህርት ሲከፈት፣ ቤት የሚጠብቀኝ ሰው ስላልነበረ ነጠላዋን አጣፍታ እኔን አስከትላ ትሄድ ጀመር። ዘመቻው ኋላ በ15 ቋንቋዎች አገሩን ያዳረሰ ትልቅ ሥራ ነው። እኔ ግን አብልጬ የማስታውሰው ከዚያ ተመልሰን በኩራዝ ብርሃን የምናደርገውን ነው።

እማዬ ዱቄቱን ሰፌድ ላይ ትዘረጋና በጣቷ «ለ»ን ትጽፍበታለች። «እስቲ እየው የኔ ጌታ፣ እግሩ ልክ ነው?» ትለኛለች። ጎንበስ ብዬ አይና «አንዱ አጠረ» እላታለሁ። ሰፌዱን ነቅነቅ ስታደርገው ፊደሉ ይጠፋል፤ ከዚያ ተራው የኔ ነው። የኔም ሲጣመም ሳትቆጣ ሰፌዱን ትነቀንቀዋለች። እናቴ እኔን እርማት መጠየቋ እንዴት ያኮራኝ ነበር! በአውራ ጣቷ መፈረም ቀርቶ ቀበሌ መዝገብ ላይ ስሟን የጻፈች ዕለት፣ አጠገቧ ቆሜ እያንዳንዱን ፊደል በከንፈሬ ተከትያታለሁ።

ቁጥር የለመድኩት ደግሞ ከስፌቷ ነው። ሞሰብ ስትሰፋ ቀዩን አለላ ከነጩ ለይቼ የማቀብላት እኔ ነበርኩ። «ሦስት ቀይ ሰፋን፤ አሁንስ ስንት ነጭ?» ትላለች። ዝም ካልኩ ወስፌዋን ይዛ ትጠብቀኛለች። ሥራ የበዛባት ሴት ነበረች፤ መልሱን ራሷ ብትናገር ጊዜ ታተርፍ ነበር። አልተናገረችም። ስለ ልጅ አስተዳደግ ከሰማሁትና ካነበብኩት ሁሉ ያንን ትዕግሥቷን የሚያህል አላገኘሁም።

አባቴ ብዙ አይናገርም። ደብረ ብርሃን ሥላሴ ሲወስደኝ ግን ጣሪያው ላይ የተደረደሩትን የመላእክት ፊቶች እንድቆጥር ይተወኝና ቁጥሩ ሲጠፋብኝ «የትኛው ነው አንተን የሚያይህ?» ይለኛል። አንገቴ እስኪደክም ፈልጌያለሁ።

በሌሎቹ ዓመታት ክረምቱን ዳባት አያቴ ዘንድ ነበር የምንከርመው። የደጋው ብርድ ሁላችንንም እሳት ዳር ይሰበስበናል፤ የገብስ ቆሎው ይቀርባል፤ እንቆቅልሽ ይጀመራል። መልሱ የጠፋበት ልጅ አገር ይሰጣል። አያቴ አንዴ የተሰጣትን አገር ዳግመኛ አትቀበልም። ወገራ፣ ደንቢያ፣ ጭልጋ፣ ደባርቅ ሲያልቁብን፣ ቀን ቀን መንገደኛውን ሁሉ «ከየት መጣህ?» እያልን አዲስ የአገር ስም እንለቅም ነበር። አንድ ማታ ደረስጌን ሰጠኋት። ሳቅ ብላ ተቀበለችኝና ቴዎድሮስ የነገሡት እዚያ ደረስጌ ማርያም መሆኑን አጫወተችን። ነገሩ የ1847 ዓ.ም. መሆኑን ኋላ ከታሪክ መጽሐፍ ሳገኘው እንደ ቤተ ዘመድ ወሬ ነበር ያነበብኩት።

ዛሬ ከተማው በአፀደ ሕፃናት ተሞልቷል፤ ገጠሩም ከአንደኛ ክፍል በፊት የዜሮ ክፍል አለው። ይህ ደስ የሚያሰኝ ነው። የሚያሳዝነኝ «እኔ ያልተማርኩ፣ ለልጄ ምን አስተምረዋለሁ?» የሚል ወላጅ ስሰማ ነው። እማዬ ከኔ የምትቀድመው በአንድ ፊደል ነበር፤ አንዳንድ ማታም እኔ እቀድማታለሁ። አያቴ ደግሞ ፊደል ሳትቆጥር ነው ያለፈችው።

እናንተ ትንንሽ ልጆች ያሏችሁ፣ ዛሬ ማታ ሽንኩርት ስትከትፉ ወይም ምስር ስትለቅሙ ስልኩን ተቀበሉትና ልጁን አጠገባችሁ አስቀምጡት። አንድ ነገር ጠይቁት፤ እስኪመልስም ታገሡት። እሱ ሲጠይቃችሁ ደግሞ ሥራ ይዣለሁ አትበሉት።