ባሬላው ለሷ፣ ቱምቢው ለሱ

አዲስ አበባ ውስጥ በግንባታ ላይ ያለ ሕንፃ አጠገብ ቆም ብላችሁ ተመልከቱ። ድንጋይና አሸዋ በባሬላ የሚያመላልሱት፣ ውሃ በጀሪካን ሦስተኛ ፎቅ የሚያደርሱት ብዙ ጊዜ ሴቶች ናቸው፤ አንዳንዶቹ ገና ሃያ ዓመት ያልሞላቸው፣ ከገጠር የመጡ ልጆች። ቱምቢ ጥሎ ግድግዳውን የሚያቀናው ግን ወንድ ነው። ለሳኙም፣ ፌሮ አሳሪውም፣ ኤሌክትሪሻኑም እንደዚያው። ማታ ሒሳብ ሲከፈል ደግሞ የግንበኛውና የእሷ ገንዘብ አይገናኝም። ይህን በየቀኑ እያየን ልጃችን ግንባታ ልማር ስትለን "ለሴት ይከብዳል" እንላታለን። ከባዱንማ ተሸክማው የለ እንዴ!

ስለ ሴቶች የቴክኒክና ሙያ ተሳትፎ ሲነሳ ቶሎ የሚጠቀሰው ጠቅላላ ቁጥር ነው። በጠቅላላው ከታየ ሴት ሠልጣኞች ለግማሽ የቀረበ ድርሻ ይዘው ቆይተዋል፤ ሪፖርት ላይ ያምራል። ነገር ግን ክፍል ለክፍል ግቡና እዩ። አካውንቲንግ፣ የጽሕፈት ሥራ፣ ልብስ ስፌት፣ ሆቴል፣ የፀጉር ሥራ በሴት ልጆች ተሞልቷል። አውቶ፣ ብየዳና ኤሌክትሪክ ክፍል ስትገቡ ጥቂት ሴቶች አንድ ጥግ ተሰብስበው ታገኛላችሁ። ልብስ ስፌትም ሆነ ፀጉር ሥራ የተከበረ ሙያ ነው፤ ወዳ ለመረጠችው እሰየው። እኔን የሚያሳስበኝ ሳትመርጥ የምትገባው ናት። አባቷ፣ አጎቷ፣ አንዳንዴም መዝጋቢው "ይሄ ይሻልሻል" ብለው ይወስኑላታል።

አንድ የማውቃት ልጅ ሁሉንም ተከራክራ አውቶ መካኒክ ገባች። ሥልጠናው አብዛኛው በተግባር መሆን አለበት፤ የትብብር ሥልጠና የሚባለውም ሠልጣኙን ድርጅት ውስጥ አስገብቶ ከሥራው ጋር ለማገናኘት ነው። እሷም ጋራዥ ተመደበች። ወንዶቹ ጓደኞቿ መኪና ሥር ሲገቡ እሷን ጠረጴዛ ሰጥተው የደንበኛ ስምና ታርጋ አስመዘገቧት። "እጅሽ እንዳይቆሽሽ ብለን ነው" አሏት፤ በደግነት ነው ያሉት። ቀኑ ደረሰና ለብቃት ምዘና ቀረበች። የፍሬን ሸራ ቀይሪ ተባለች። በወረቀት ደረጃ በደረጃ ታውቀዋለች፣ እጇ ግን አልለመደውም። ወደቀች። ሰፈር ውስጥ የተወራው "ድሮም የሴት ሥራ አይደለም" የሚል ነው። ቁልፍ ያልሰጣትን ሰው ያነሳ የለም።

ጋራዥ ውስጥ ሌላም ችግር አለ፤ አፍ አውጥተን እንናገረው። የሴት መጸዳጃ የለም፣ ቱታ የምትቀይርበት ክፍል የለም፣ እጁን የማይሰበስብ ሠራተኛ ሲኖር ለማን እንደምትናገር አታውቅም። ብዙ ልጆች ሙያውን የሚተዉት ብሎኑ ጠብቆባቸው አይደለም።

ነገሩን አጣዳፊ የሚያደርገው ደግሞ ወቅቱ ነው። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ በ2015 ደግሞ 3.2 በመቶ። ለዩኒቨርሲቲ ማካካሻ ትምህርት (ሪሜዲያል) የገባው ገባ። ከቀሩት ውስጥ ወንዱ ቢያንስ ጋራዥ ወይም ብየዳ ቤት ተጠግቶ እጁን ያፍታታል። ሴቷ ቤት ትውላለች፣ ትዳራለች፣ አለዚያ ፓስፖርት ታወጣለች። ብዙ ልጆች የሙያ ማሠልጠኛ በርን ለመጀመሪያ ጊዜ የሚረግጡት ለዓረብ አገር የቤት ሠራተኝነት ነው። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ 8ኛ ክፍል ማጠናቀቅንና የብቃት ማረጋገጫን ጠይቆ ስለነበር፣ ሥልጠና ሲባል አእምሯቸው ላይ የሚመጣው የሰው ቤት አያያዝ ሆነ። ሥልጠናው ለምን ተሰጠ አልልም፤ ሳትሠለጥን ከመሄድ ሠልጥና መሄድ በእጅጉ ይሻላታል። ግን እዚያው ግቢ ውስጥ፣ ጥቂት እርምጃ ተሻግሮ፣ የኤሌክትሪክ ወርክሾፕ አለ። ያንን በር ማን አሳያት?

ወላጆች፣ ዘንድሮ ምዝገባ ሲደርስ ልጃችሁን ይዛችሁ ሂዱና ወርክሾፖቹን አብራችሁ ዙሩ፤ ከዚያ ራሷ ትምረጥ። ጋራዥና ብየዳ ቤት ያላችሁ ወንድሞች፣ ለትብብር ሥልጠና የምትመጣላችሁን ልጅ ከጠረጴዛው አስነሱና ቁልፉን ስጧት። እጇ ቢቆሽሽ ትታጠበዋለች።