ሃምሳ አራት ነፍስ

ጠዋት ሥራ መግቢያ ላይ አንድ አንበሳ አውቶቡስ ውስጥ የሚታጨቀው ሕዝብ ከ54 ይበልጣል። እኛ ሰፈር የዕድር ስብሰባ ላይ 54 ሰው ብቻ ከመጣ «ኧረ ሰው አልመጣም» ተብሎ ለሌላ እሁድ ይቀጠራል። ይህች ቁጥር ግን ሰሞኑን ከጭንቅላቴ አልወጣ ብላኛለች። ኒውዚላንድ ውስጥ፣ በሰሜኑ ደሴት ምዕራባዊ ዳርቻ የሚኖር «ማዊ» የሚባል የዶልፊን ዘር አለ። በ2020 እና በ2021 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) በተደረገው ጥናት፣ ከአንድ ዓመት በላይ የሆናቸው ማዊዎች 54 ያህል እንደሆኑ ተገመተ። ቢያንስ 48፣ ቢበዛ 66። ሌላ ቦታ የተረፈ የለም፤ በዓለም ላይ ያሉት እነዚሁ ናቸው።

ይህን ለአንድ ወዳጄ ስነግረው ሳቀብኝ። «አንተ ሰውዬ፣ ባሕር የሌለህ ሰው ለባሕር እንስሳ ታለቅሳለህ? እዚህ ሰው ጤፍ መግዛት አቅቶት!» አለኝ። ጥያቄውን በቀላሉ ዘልዬ ማለፍ አልፈልግም። ምክንያቱም የኒውዚላንድ ዓሣ አጥማጅም የሚጠይቀው ከዚህ ብዙ የራቀ አይደለም። «እንስሳው ይትረፍ፣ እሺ። እኔስ?» ነው የሚለው።

መጀመሪያ ስለ ፍጡሩ ትንሽ ላጫውታችሁ። ዶልፊን ውሃ ውስጥ ይኑር እንጂ ዓሣ አይደለም። እንደ እኛ ሳንባ አለው፣ ልጁን ያጠባል፣ አየር ለመሳብ ወደ ላይ ብቅ ይላል። ማዊ በትንሽነታቸው ከሚታወቁት ዶልፊኖች አንዱ ነው፤ ርዝመቱ 1.7 ሜትር፣ ክብደቱ 50 ኪሎ ገደማ ቢደርስ ነው። የጀርባው ክንፍ እንደ ሌሎቹ ሹል ሳይሆን ክብ ነው። ስሙ የማኦሪዎች ተረት ጀግና ስም ነው። ማዊ ደሴቲቱን እንደ ዓሣ በመንጠቆ ጎትቶ ከባሕር አወጣት ይላሉ፤ የሰሜኑ ደሴትም በቋንቋቸው «የማዊ ዓሣ» ትባላለች። እንስሳው በደቡቡ ደሴት ዙሪያ ከሚኖረው ዘመዱ፣ ከሄክተር ዶልፊን፣ የተለየ ንዑስ ዝርያ መሆኑ የታወቀለት ገና በ2002 ነው።

ጣጣው ያለው መኖሪያው ላይ ነው። ማዊ ውቅያኖስ አቋርጦ የሚጓዝ እንስሳ አይደለም። የሚኖረው ጥልቀት በሌለው፣ በደፈረሰው፣ ለየብስ በቀረበው ውሃ ነው። ያንን ውሃ ደግሞ ሰውም ይወደዋል። የሀገሪቱ ትልቋ ከተማ ኦክላንድ እዚያው አጠገቡ ናት። ጀልባውም፣ መረቡም፣ የከተማው ጎርፍም የሚሄደው ወደዚያው ነው። ሰውየውና ዶልፊኑ አንድ ጓሮ ተካፍለው ይኖራሉ ማለት ነው፤ አንደኛው ግን ሌላ ጓሮ የለውም።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ሐዋሳ፣ አሞራ ገደል፣ አንድ ወጣት ዓሣ አጥማጅ መረብ ሲጠግን ቁጭ ብዬ አይቼ ነበር። ናይለኑ ከመቅጠኑ የተነሳ ቀረብ ብለው ካላዩት አይታይም። ማታ ሐይቁ ውስጥ ዘርግተውት ያድራሉ፣ ሲነጋ ያነሱታል። ቆሮሶ ሲፈልጉ አምባዛ ይገባል፤ ትልቅ ሲፈልጉ ጫጩቱ ይገባል። «መረብ ሰው አይደለም ጋሼ፣ አይመርጥም» አለኝ ሳቅ ብሎ። ስለ ማዊ ሳነብ የታወሰኝ የዚህ ልጅ ንግግር ነው። ዶልፊን ድምፅ እየለቀቀ፣ ተመልሶ የሚመጣውን ማሚቶ እየሰማ መንገዱን ያውቃል፤ ቀጭኑን ናይለን ግን ብዙ ጊዜ በጊዜ አይለየውም። አንዴ ከተጠላለፈ ለመተንፈስ ብቅ ማለት ስለማይችል ታፍኖ ይሞታል። የመረቡ ባለቤት ሊገድለው አስቦ አይደለም። ሸጦም አይጠቀምበትም። ማንም ሳይፈልገው የሚሞት እንስሳ ነው።

አሁን ወደ ሂሳቡ እንምጣ። የማዊ ሴት የመጀመሪያ ልጇን የምትወልደው ከሰባት እስከ ዘጠኝ ዓመት ሲሆናት ነው፤ ከዚያም በየሁለት እስከ አራት ዓመቱ አንድ ልጅ። ሁሉ ነገር ቢመቻቸው እንኳ ቁጥራቸው በዓመት ከመቶ ሁለት ያህል ቢጨምር ነው። የ54 ከመቶ ሁለት ስንት ነው? አንድ። በዓመት አንድ ነፍስ! በ2012 የተሰበሰቡ ባለሙያዎች ያሰሉት ደግሞ ይብሳል። ዘሩ እንዲያገግም ከተፈለገ በሰው ምክንያት መሞት የሚችለው ከ10 እስከ 23 ዓመት ባለው ጊዜ አንድ ዶልፊን ብቻ ነው አሉ። በዚያን ጊዜ ይሞታሉ ብለው የገመቱት ግን በዓመት አምስት ያህል ነበር፤ ከዚህም ከመቶ 95 ያህሉ በዓሣ ማጥመድ ሳቢያ። እንዴ! ቢያንስ ለአሥር ዓመት ይበቃል የተባለ በጀት በሁለት ወር ተኩል ማለቁ እኮ ነው።

መንግሥት ዝም አላለም፤ መስመር አሰመረ። በ2003 ከምዕራቡ ዳርቻ በከፊሉ ላይ፣ ከየብስ እስከ አራት የባሕር ማይል ድረስ ተዘርግቶ የሚያድር መረብ ተከለከለ። በ2008 መስመሩ ወደ ሰባት ማይል ተገፋ፤ አካባቢውም የባሕር አጥቢዎች መጠለያ ተብሎ ተከለለ። በጥር 2012 ታራናኪ በሚባለው ዳርቻ አንድ ትንሽ ዶልፊን መረብ ውስጥ ሞተ። ማዊ ይሁን የሄክተር ዘመዱ አከራከረ፤ የሞተበት ቦታ ግን ከክልከላው ውጭ ነበር። በዚያው ዓመት ክልከላው ወደ ደቡብ ተራዘመ። በ2020 እንደገና ሰፋ፤ በአንዳንድ ቦታ 12 የባሕር ማይል ደረሰ፣ የባሕር ወለልን በከባድ ድምፅ መፈተሽና ማዕድን ማውጣትም ገደብ ተጣለበት።

ጥሩ ነው፤ ማንም ይህን አይንቅም። ግን ዓመቶቹን ቁጠሯቸው። ከ2003 እስከ 2020 አሥራ ሰባት ዓመት ነው። በመሀሉ ዶልፊኖቹ ምን ሆኑ? በ2004 ከአውሮፕላን ሲቆጠሩ 111 ያህል ነበሩ። በ2010 እና በ2011 ከቆዳቸው በተወሰደ ቅንጣት ዘረ መላቸው ተለይቶ ሲገመቱ 55 ያህል ሆኑ። የአቆጣጠሩ ዘዴ ይለያይ እንጂ መንገዱ ወዴት እንደሚወስድ ግልጽ ነው። መስመሩ የሚሰመረው ዶልፊኑ ባለበት ሳይሆን ክርክሩ ባለቀበት ቦታ ነበር።

«ታዲያ መስመር ማስመር ምን ይጠቅማል?» የሚል አይጠፋም። ይጠቅማል፤ ማስረጃውም እዚያው ሀገር ነው። በደቡቡ ደሴት፣ ባንክስ ልሳነ ምድር ዙሪያ፣ በ1988 ለሄክተር ዶልፊን መጠለያ ተከለለ። ኤሊዛቤት ስሉተንና ስቲቭ ዶውሰን የተባሉ የኦታጎ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከባልደረቦቻቸው ጋር ዶልፊኖቹን በክንፋቸው ጠባሳና ምልክት እየለዩ ፎቶ ያነሱ ነበር። ሃያ አንድ ዓመት ሙሉ! 462 ዶልፊኖችን ለይተው አወቁ። በ2012 ባወጡት ጥናት፣ መጠለያው ከተከለለ በኋላ የዶልፊኖቹ በሕይወት የመቆየት መጠን በ5.4 ከመቶ ከፍ ማለቱን አሳዩ። ትንሽ ትመስላለች አይደል? በዓመት አንድ ለሚጨምር ዘር ግን የመኖርና ያለመኖር ልዩነት ናት። አያይዘውም መጠለያው አሁንም እንደሚጠብ ተናገሩ፤ ዶልፊኖቹ በክረምት ከዳርቻው ራቅ ብለው ይሄዳሉና። ስለዚህ ትምህርቱ አጭር ነው፦ ክልል ይሠራል፣ እንስሳው የሚኖርበትን ያህል ከሰፋ።

ዓሣ አጥማጆቹም የሚሉት አላቸው፣ መስማት ይገባል። «ሁሉን በእኛ አታላክኩ፤ ድመቶቻችሁስ?» ይላሉ። ቀልድ እንዳይመስላችሁ። ቶክሶፕላዝማ የሚባለው ጥገኛ ተውሳክ የሚራባው በድመት አንጀት ውስጥ ነው፤ ከዓይነ ምድሯ ጋር ወጥቶ በጎርፍ ወደ ባሕር ይገባል። በ2013 በወጣ ጥናት ከተመረመሩት 28 የሄክተርና የማዊ ዶልፊኖች ሬሳ ሰባቱ በዚህ በሽታ የሞቱ ነበሩ። ማዊዎቹ ሦስት ሲሆኑ ሁለቱ በዚሁ ነው የሄዱት። የእኛም ባሌ ይህን ያውቀዋል፤ ቀይ ቀበሮዎቻችንን ደጋግሞ የፈጃቸው ከመንደር ውሻ የሚመጣ የእብድ ውሻ በሽታ ነው። እናም ዓሣ አጥማጆቹ እውነት አላቸው። ግን ከዚህ እውነት «እንግዲያው መረባችን ይቆይ» የሚል መደምደሚያ አይወጣም። የአንድን ከተማ ድመት ሁሉ በአዋጅ ከባሕር መለየት አይቻልም፤ መረብን ግን በአዋጅ ነገ ማንሳት ይቻላል። ሁለት ቀዳዳ ያለው እንስራ አንዱን ለመድፈን ሌላው እስኪደፈን አይጠበቅም።

የመጠበቅን ዋጋ ማየት የሚፈልግ ወደ ቻይና ይመልከት። ያንግትሴ ወንዝ ውስጥ ባይጂ የሚባል ዶልፊን ነበር። በሕግ የተጠበቀ ነበር፤ ወንዙ ግን ለመርከቡ፣ ለመረቡና ለፋብሪካው ክፍት ነበር። በ2006 ተመራማሪዎች ስድስት ሳምንት ሙሉ ወንዙን ፈተሹት። አንድም አላገኙም። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይህ ነው። እንስሳውን በወረቀት ጠብቆ ቤቱን ለሌላ መስጠት ጥበቃ አይባልም።

የቀረው «እኔስ?» የሚለው ጥያቄ ነው። ለዚህ መልስ የሌለው ጥበቃ እኔንም ያስፈራኛል። ሰሜን ተራሮች ላይ አይተነዋል፤ በ2016 የግጭ መንደር ነዋሪዎች ከፓርኩ ወጥተው ወደ ደባርቅ ተዛወሩ፣ በ2017 ፓርኩ በአደጋ ላይ ካሉ የዓለም ቅርሶች መዝገብ ወጣ። እኛ በዋልያ ስም ስንኮራ ቤቱን የለቀቀው ገበሬ ነው። ኒውዚላንድም እንደዚያው፤ ከተሜው ለዶልፊኑ ሲያጨበጭብ መረቡን የሚያወጣው የትንሽ ጀልባ ባለቤት ነው። መንግሥት በ2020 ክልከላውን ሲያሰፋ ለተጎዱት አጥማጆች የሽግግር ድጋፍ ማዘጋጀቱ ስለዚህ ምጽዋት አይደለም፣ ዕዳ ነው። ዓሣው የሚሸጥለት ገበያም ከዕዳው አያመልጥም። በኅዳር 2022 አንድ የአሜሪካ ፍርድ ቤት በዚያ ዳርቻ በእነዚህ መረቦች የሚያዙ አንዳንድ ዓሦች ወደ አሜሪካ እንዳይገቡ ለጊዜው ያገደውም በዚሁ ሐሳብ ነበር፤ የሚበላም ይጠየቃል።

ባሕሩን ለዶልፊኑ የሚለቅ ሰው ለሁላችንም የሚሆን ነገር እየከፈለ ነው። ሂሳቡን ለእርሱ ብቻ ከተውነው መረቡን መልሶ ቢዘረጋ ልንፈርድበት አንችልም። ከተካፈልነው ግን መስመሩን ከማንም በላይ የሚጠብቀው እርሱ ራሱ ይሆናል፤ ያንን ውሃ ከእርሱ የተሻለ የሚያውቀው የለምና።